የሴቶች አገልግሎት አመራር፦ ለሽማግሌዎች ጉባኤ በሚቀርበው ሐሳብ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ረቂቁ እስከ ሐሙስ መግባት አለበት። እስካሁን የተስማማነው አመራሩ አምስት ሰው ይሁን፣ ዘመኑም ሁለት ዓመት ይሁን በሚለው ነው። ሌላው ገና ነው። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ይመረጥ ከማለታችን በፊት ያለፈውን ቅዳሜ እናስታውስ። ያ ሁሉ ሰው ጸሎት መጥቶ ሻይ ሳይቀምስ የሄደው ለምንድን ነው? የሲኒውና የትሪው ቁም ሣጥን ቁልፍ አንዲት እናታችን ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ሊያርሱ አዳማ ሄደዋል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሁሉን ነገር አንድ ሰው ላይ የከመርነው እኛ ነን። የመዋጮው ደብተርም ያው ነው፤ እኔ ብታመም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዷ ኃላፊ ምክትል ይኑራት፣ ምክትሏም በወር አንዴ ሥራውን ራሷ ትሥራው።

የወጣት እህቶች ተወካይ፦ እኔም ግልጹን ልናገር። «ወጣቶችን እናሳትፍ» ይባልና ወንበር መደርደርና ፎቶ ማንሳት ይሰጠናል። ምክትል ካላችሁኝ ስብሰባ ልምራ። ብሳሳትም ልምራ።

ከመሥራቾቹ አንዷ፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡት። ያጉረመረሙት ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ነበሩ፣ መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ስለተረሱባቸው። የተመረጡትን የሰባቱን ስም እዩት እንግዲህ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ… ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እደላውን የሰጡት ቅር ላለው ወገን ነው ማለት ነው። እኛ ግን ቅር ያላትን እህት «ጸሎት ያንሳታል» እንላለን።

ጸሐፊ፦ እማማ፣ ይሄን እንዳለ አስገባዋለሁ።

የጸሎት ቡድን፦ ሁለት ዓመት አጭር አይደለም ወይ? ሥራውን ሲለምዱት ያልቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ አምስቱ አንዴ አይውረዱ። መጀመሪያ ሁለቱ ይቀየሩ፣ በዓመቱ ሦስቱ። ነባር ሰው ሁሌም ይኖራል።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። በጉባኤው ውስጥስ መቀመጫ እንጠይቅ?

ከመሥራቾቹ አንዷ፦ እንጠይቅ እንጂ! መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና መሾም ከጀመረች ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? የምንለምነው አንዲት ወንበር ነው። «ፈቃዳችሁ ቢሆን» የሚል ልምምጥ አታብዙበት፤ አንዴ ይበቃል።

የወጣት እህቶች ተወካይ፦ መሪ ስንመርጥ ድምጿ ያማረውን ብቻ አንይ። ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰው ማን ናት? አራስ ጠይቃ እዚያው ዕቃ አጥባ የምትመለሰውስ?

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። ዛሬ ማታ አጽፈዋለሁ።

ከአዳማ፦ ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። ልጄ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ናት። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ነገ በሰው እልከዋለሁ። ሦስት አስቀርጹበት። ዋናውን ግን ለእኔው መልሱልኝ።