ለቻይናዊት ተማሪ የእንግሊዝኛ መልመጃ መልስ «ለምን» እንደዚያ እንደሆነ እንዴት ላስረዳት?

ሃንግዡ ያለሁት፦
ሰላም ወገኖቼ። ሃንግዡ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ላብ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ቻይንኛ ያስጠናኛል፣ እኔ ደግሞ ታናሽ እህቱን እንግሊዝኛ አግዛታለሁ። ገንዘብ የለበትም፣ መተጋገዝ ነው። ልጅቷ የሃይስኩል መጨረሻ ዓመት ላይ ናት። በፈረንጆቹ ጁን 7 የሚጀምረውን ጋኦካኦ፣ የቻይናን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ትፈተናለች።

የመልስ ቁልፉ እጇ ላይ አለ። የምትጠይቀኝ መልሱን አይደለም፣ «ለምን?» ነው። ትናንት ማታ በዊቻት የመልመጃ ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። አራት ጥያቄዎች በቀይ ተከበዋል፣ በየአጠገባቸው ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት አለ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱን ስጠየቅ ግን «እንዲህ ነው የሚባለው» ከማለት ሌላ ቃል ያጥረኛል። ይሄ አይበቃትም፣ ደግሞም ልክ ናት።

አንደኛው፦ «ዚስ ኢዝ ዘ ስኩል ___ አይ ቪዚትድ ላስት ዪር።» እሷ «ዌር» ብላለች፣ መልሱ «ዊች» ነው። ትምህርት ቤት ቦታ አይደለም ወይ ትለኛለች። ሁለተኛው፦ «ኦልዞው ኢት ዎዝ ሬይኒንግ ___ ዊ ዌንት አውት።» «ባት» ሞላች፣ ቁልፉ ግን ምንም አይገባም ይላል። ሦስተኛው «ዌር ኢዝ ዩር ብራዘር?» ብሎ ይጠይቅና «ሂ ሃዝ ___ ቱ ሻንጋይ» ላይ «ቢን» ወይስ «ጎን» ይላል። እሷ «ቢን» ብላለች። አራተኛው «ዶንት ዩ ላይክ ኮፊ?» ነው፣ «የስ፣ አይ ዶንት» ብላ መለሰች። ቅዳሜ እንገናኛለን። እባካችሁ እርዱኝ።

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያውን እኔ ልያዝልሽ። ልጅቷን ያሳሳታት «ቦታ ከሆነ ዌር፣ ጊዜ ከሆነ ዌን» የሚባለው አቋራጭ ነው። እኛም አገር ተማሪ እየወደቀ ያለው በዚሁ ነው። መታየት ያለበት ከክፍት ቦታው ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር ምን ጎደለው የሚለው ነው። «አይ ቪዚትድ» ምንን? ተሳቢው ጎድሏል። ስለዚህ «ዊች» ወይም «ዛት» ይገባል። «አይ ስተዲድ» ቢል ኖሮ «ዌር» ልክ ይሆን ነበር።

ለራስሽ በአማርኛ እይው። «የጎበኘሁት ትምህርት ቤት» እንላለን፣ «የተማርኩበት ትምህርት ቤት» እንላለን። «በት» ካለ «ዌር» ነው፣ «ት» ብቻ ከሆነ «ዊች» ነው። አንቺ መልሱን ሳታስቢው የምታገኚው ቋንቋሽ ቀድሞ ስለለየልሽ ይመስለኛል። ቻይንኛ ይሄንን ይለይ አይለይ የሚያውቅ ይጨምርበት።

ጓንዡ የኖርኩ፦
ጋሼ፣ ቻይንኛ አይለየውም። ለሁለቱም ያለው «ደ» ብቻ ነው። የጎበኘሁት ትምህርት ቤት «ወ ጻንጓን ደ ሽዌሽያው» ነው፣ የተማርኩበት ደግሞ «ወ ሽዌሺ ደ ሽዌሽያው»። «በ»ን የሚያሳይ ነገር የለም። ስለዚህ ልጅቷ ሰንፋ አይደለም፣ በቋንቋዋ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የተጠየቀችው።

አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። «ደ» የኛ «የ» ማለት ናት። ገላጩ ሐረግ እንደኛው ከስሙ በፊት ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ነው ወደ ኋላ የሚያዞረው። እና ስሙን ወደ ቦታው እንድትመልሰው አድርጊ። በእጇ ትጻፈው፦ «አይ ቪዚትድ ዘ ስኩል።» ከዚያ ሌላውን፦ «አይ ስተዲድ አት ዘ ስኩል።» ስትመልሰው «አት» ወይም «ኢን» ካስፈለገ «ዌር»፣ ካላስፈለገ «ዊች»። አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ከጻፈች ይያዝላታል።

ሁለተኛው ቀላል ነው። ቻይንኛ «ስዊራን» ብሎ ከጀመረ «ዳንሽ» ብሎ ይቀጥላል፣ ጥንድ ናቸው። እኛም «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ እኛ ግን ወጣን» እንላለን፣ ማንም ስህተት ነው አይለንም። እንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለማያያዝ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል፣ ወይ «ኦልዞው» ወይ «ባት»። «ዪንዌይ… ስዎዪ» የሚለውም ጥንድ አለ፣ «ቢኮዝ… ሶ» የሚያስብላት እሱ ነው። ብቻ «ዬት» እና «ስቲል» ከ«ኦልዞው» ጋር መምጣት ይችላሉ፣ ፈተና ላይ እንዳትደናገጥ ንገሪያት።

ሻይ በሎሚ፦
ሦስተኛውን በቻይንኛዋ አስረጂያት፣ በደቂቃ ይገባታል። «ቹ ጉዎ» ማለት ሄዶ ያውቃል ነው፣ «ቹ ለ» ደግሞ ሄዷል። «ሃዝ ቢን ቱ» ሄዶ ያውቃል፣ «ሃዝ ጎን ቱ» ሄዷል፣ ገና አልተመለሰም። ጥያቄው «ወንድምሽ የት ነው?» ስለሚል ሰውዬው እዚህ የለም፣ ስለዚህ «ጎን»። «ጉዎ» ለመጣበት ሁሉ «ሄዶ ያውቃል፣ በልቶ ያውቃል» የሚለውን አማርኛ አስቢ፣ ለአንቺም ቻይንኛው ይቀልሻል።

ጓንዡ የኖርኩ፦
እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። «ለ» ያለፈ ጊዜ ነው ብለሽ እንዳትነግሪያት። ነገ ለሚሆን ነገርም ይገባል። «ሚንግትየን ቺ ለ ፋን ጂዩ ዞው» ማለት «ነገ ምግብ በልተን እንሄዳለን» ነው። «ለ» እዚህ የኛን «በልተን» ነው የሚሠራው፣ አንዱ አልቆ ሌላው መቀጠሉን ነው የሚያሳየው። የቻይና ተማሪ «ለ»ን ባየ ቁጥር ግሡ ላይ «ኢዲ» የሚጨምረው ይሄ ሳይነገረው ቀርቶ ነው።

ከዱባይ፦
አራተኛው የኛም ችግር ነው። ሆቴል ስሠራ አንድ እንግዳ «ዲድንት ዜይ ክሊን ማይ ሩም?» ብሎ ጠየቀኝ። «የስ» አልኩት። «አዎ፣ አላጸዱም» ማለቴ ነበር። እሱ ጸድቷል ማለቴ መሰለውና ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ፣ በሩን ሲከፍት አልጋው አልተነጠፈም። ተመልሶ መጥቶ ዋሽተኸኛል አለኝ። ያ ቀን አይረሳኝም።

ቻይናዎቹም ልክ እንደኛ ነው የሚመልሱት፤ ጠያቂው ያለውን እያረጋገጡ። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂውን ትቶ እውነታውን ነው የሚያየው። እኔ ያዳነኝ ዘዴ «ዶንት» ላይ «ንት»ን በጣት መሸፈን ነው። «ዱ ዩ ላይክ ኮፊ?» ብሎ የጠየቀሽ አድርገሽ መልሺ። ካልወደድሽ «ኖ፣ አይ ዶንት»። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ «ዶንት» ካለ ፊቱ «ኖ» ነው፣ ሁልጊዜ።

ሃንግዡ ያለሁት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ከእሷ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ትምህርት ቤቱን ስድስት ጊዜ አጻፍኳት። ሰባተኛውን ራሷ ሠራች፣ «ዘ ዴይ ___ አይ ዊል ኔቨር ፎርጌት» የሚል ነበር፣ «ዌን» ልትል ብዕሩን አስጠግታ ቆመች፣ ከዚያ ዳር ላይ «ፎርጌት ዘ ዴይ» ብላ ጻፈችና «ዊች» አለች። ደስ ሲለኝ! «ጉዎ» እና «ለ»ን ገና ሳልጨርስ ቀደመችኝ። የቡናው ጥያቄ ላይ ግን አሁንም ትሳሳታለች፣ «ንት»ን በጣቷ እየሸፈነች ትለማመድ ብያለሁ።

አዲስ የመጣ አለ። «ካን ዩ ___ ሚ ዩር ዲክሽነሪ?» ላይ «ቦሮው» አለች፣ ቁልፉ «ሌንድ» ይላል።

ጓንዡ የኖርኩ፦
ቻይንኛው ለሁለቱም «ጂዬ» ነው። እኛ ግን ተዋሰ እና አዋሰ ብለን እንለያለን። ቻይንኛው የግድ መለየት ሲፈልግ «ጌይ» ይጨምራል፣ «ጂዬ ጌይ ወ» አውሰኝ ነው። «ጌይ» ማስገባት ከቻለች «ሌንድ» ናት በያት።

ጣና ዳር፦
ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንቺም ጎብዘሻል። አንድ ነገር ልጨምር። አሁን በአብዛኛው የቻይና ክፍል ጋኦካኦ ላይ እንዲህ ያለ ነጠላ የሰዋስው ምርጫ ቀርቷል። ያለው ወጥ ጽሑፍ ውስጥ 10 ክፍት ቦታ መሙላት ነው፣ እያንዳንዱ 1.5 ነጥብ፣ ከ150። አማራጭ የለም። ብዙዎቹ ላይ የቃሉ መነሻ በቅንፍ ይሰጣታል፣ ቅርጹን ራሷ ናት የምታስተካክለው፤ የቀሩት ላይ ቃሉንም ራሷ ናት የምታመጣው። ስለዚህ ከስህተቷ አጠገብ ምክንያቱን በራሷ ቋንቋ በአንድ መስመር ትጻፍ፣ አንቺ እንዳትጽፊላት። ቅዳሜ ስትገናኙ መጀመሪያ ያንን መስመር አስነብቢያት፣ መልመጃው ከዚያ ይቀጥላል።

ሃንግዡ ያለሁት፦
እሺ ጋሼ። ደብተር ገዝቼላት እመጣለሁ።