በመርዶ ትዕይንት ላይ ሙዚቃው መቼ ይግባ?

ጠያቂ (ደሴ)
ጤና ይስጥልኝ። የ14 ደቂቃ አጭር ፊልም እያዘጋጀሁ ነው። ቀረጻው አልቆ አሁን ድምፅ ላይ ደርሰናል። የከበደኝ አንድ ትዕይንት ነው። ሊነጋጋ ሲል እናት ብቻዋን እሳት እያያያዘች ነው፤ ልጇ አረብ አገር ነው። የግቢው የቆርቆሮ በር ይንኳኳል። ስትከፍት የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባቷና ሦስት ጎረቤቶች ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። ማንም ቃል አይተነፍስም፤ እሷ ግን ገብቷታል። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

አርታኢያችን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ በትዝታ ቅኝት የተነፋ ዋሽንት ይግባበት ይላል። «ሰው ያለ ሙዚቃ አያለቅስም» ባይ ነው። ለእኔ ግን ዋሽንቱ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ መርዶውን የሚያረዳ ይመስለኛል። ይውጣ ብል በምትኩ ምን ላስገባ? ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።

የድምፅ አርታኢ (አዲስ አበባ)
ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ትክክል ነው። ዋሽንቱ ገና ሲጀምር ተመልካቹ ሐዘን እንደሚመጣ ተነግሮታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ለቅሶውን እንጂ በሩን አይደለም። የትዕይንትህ ጉልበት ያለው ደግሞ በሩ ላይ ነው። ልጇ በሰው አገር ያለ እናት በር ጎሕ ሳይቀድ ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ተመልካቹ ይህን ፍርሃት ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን በድምፅ ሙላው። እንጨቱ ይንጣጣ፣ የጀበናው ውሃ ይንተክተክ፣ ዶሮ ከሩቅ ይጩህ፤ ደሴ ስለሆነ የማለዳ አዛን ቢሰማም ያምራል። ሰው ዘና ብሎ እንዲያዳምጥ በቂ ጊዜ ስጠው። ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ ሳይታወቅ ቀንስ። ውሻ ይጩህና ዝም ይበል። ቀጥሎ በጠጠር ላይ የሚራመድ የብዙ ሰው እግር ይሰማ። አንድ ጎረቤት ብቻውን ቢመጣ እሳት ሊጫር ይሆናል። አምስት ሰው እየተራመደ የአንዱም ንግግር ካልተሰማ ግን እናትየዋ ገና በሩ ሳይነካ ታውቃለች፤ ተመልካቹም አብሯት ያውቃል። ማንኳኳቱንም አታጉላው። መርዶ ነጋሪ በር አይደበድብም።

በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን የ«ዘ ጎድፋዘር» ፊልም የምግብ ቤት ትዕይንት ደግመህ እየው፤ ይልቁንም ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማይክል ሁለት ሰዎችን ሊገድል ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሳለ የባቡር ጎማ ሐዲድ ላይ ሲፋጭ ይሰማል፤ እየጎላ ይሄዳል። ባቡሩ በምስሉ ላይ የለም፣ ሙዚቃም የለም። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች የማይክልን ጭንቀት ለዚያ ፉጨት አሸክሞታል። የአቀናባሪው የኒኖ ሮታ ሙዚቃ የሚመጣው ማይክል ተኩሶ ሽጉጡን ከጣለ በኋላ ነው። አንተም ሙዚቃህን ወደ መጨረሻው ግፋው፤ እናትየዋ መሬት ላይ ከተቀመጠች በኋላ ይጀምርና ወደ ቀጣዩ ትዕይንት ይሻገር።

ማሲንቆ ተጫዋች (ጎንደር)
በቅኝቱ ላይ ልጨምር። ትዝታ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው በትዝታ የራሱ ዘፈን፣ የራሱ ናፍቆት አለው፤ ሲሰማው ወደ ራሱ ሄዶ እናትየዋን ብቻዋን ይተዋታል። ሳምንታት አልፈው የልጇን ልብስ ስታጥፍ የሚታይበት ትዕይንት ካለህ ያኔ አምጣው። እዚህ ግን የአንቺ ሆዬን ቅኝት ሞክር። በግማሽ ድምፅ የተጠጋጉ ኖታዎች ስላሉት ጆሮ እንዲያርፍ አይፈቅድም። መሣሪያውም አንድ ማሲንቆ ይበቃል። ዜማ አትጠይቀው፤ አንድ ድምፅ ረጅም አድርጎ ይሳብልህ። ደጋኑ ጭራውን ሲነካ የሚሰማውን ሻካራ አጀማመር ደግሞ እንዳታጠራው፤ ከለቅሶ የሚያዛምደው እሱ ነው። በገናን ተወው፤ የብዙ ሰው ጆሮ በቀጥታ ወደ ዐቢይ ጾም ይወስደዋል።

የፊልም ተማሪ (ሜሪላንድ)
እኔ በከፊል አልስማማም። ዋሽንት ይግባ ያለውን የጠያቂውን አርታኢም መስማት ያስፈልጋል። በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሳይኮ» ፊልም የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። በክርክር አትወስኑ። ሁለቱንም ሠርታችሁ ድርሰቱን ላላነበቡ ሰዎች አሳዩ፤ ለአንዱ ቡድን አንዱን፣ ለሌላው ሌላውን። «አስለቀሳችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ለማስደሰት ብሎ አዎን ይላል። «መርዶ መሆኑን ያወቃችሁት የቱ ጋ ነው?» በሏቸው። በዋሽንቱ ሥሪት ሰዎች እሳቱ ሲያያዝ አውቀናል ካሉ ክርክሩ አበቃ።

ጠያቂ (ደሴ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የእግሩ ነገር ልቤን ነካው። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። በቀረጻው ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር የጄኔሬተር ድምፅ ገብቶብናል። ደግሞም ፊልሙን የሚያየው አብዛኛው ሰው በስልክ ነው። ከሥር ወፍራም የሚያጉረመርም ድምፅ ባደርግለት ጭንቀቱን ይጨምራል?

የድምፅ አርታኢ (አዲስ አበባ)
በአዳራሽ ይጨምራል፤ በስልክ ግን አይሰማም። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ጭንቀቱን በዚያ ላይ ብቻ ከጣልከው ስልክ የያዘው ተመልካች ባዶ ነው የሚሰማው። ጠጠሩ፣ የቆርቆሮው መንቀጥቀጥና የእናትየዋ ትንፋሽ በስልክም በደንብ ይወጣሉ፤ በእነሱ ተማመን።

ትዕይንቱ ንግግር ስለሌለው ጄኔሬተሩ አያስጨንቅህ። የቀረጻውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አውጣውና ሁሉንም አዲስ ቅዳ። እዚያው ቤት በተመሳሳይ ሰዓት ሂድ፤ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ዝምታ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ቅዳ። ሌላው ድምፅ ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ድምፅ ጨርሶ ከተቆረጠ ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የቤቱ ዝምታ ካለ ግን ጸጥታው የእናትየዋ ይሆናል። እግሩን አምስት ሰዎች ሆናችሁ በእውነተኛ ጠጠር ላይ ተራመዱ፤ አንድን ሰው አምስት ጊዜ ቀድቶ መደራረብ እኩል ስለሚረግጥ ሰልፍ ያስመስለዋል።

አባል (ሐዋሳ)
ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ ማሲንቆ እንዳትወስድ። ዜማው የጥንት ቢሆን እንኳ የተቀዳው አጨዋወት የከዋኙና የአሳታሚው መብት አለበት፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይሸፍነዋል። ተጫዋች ቅጠር፣ ክፈል፣ ፊልሙ በኢንተርኔትም በፌስቲቫልም እንደሚታይ የሚገልጽ ውል አስፈርም።

ማሲንቆ ተጫዋች (ጎንደር)
ተጫዋቹን ስትቀጥር ምስሉን ሳታሳየው አታስጀምረው። እናትየዋ ስትቀመጥ ዓይኑ እያየ ይሳብ፤ መቼ ማቆም እንዳለበት ከፊቷ ያነበዋል።