አዲስ ሰው እንዴት እናስገባ?

ሰሜን ሸዋ ባለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሠሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መምህራንና ሠራተኞች የመደጋገፊያ ክበብ ስለማቆም ምክር እንፈልጋለን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ስለሚቀጣ ምዝገባም፣ የሥራ ኢሜይልም፣ የስም ዝርዝርም የለም። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርን መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ በቁጥር የሚያገኙንንም ኮንታክቶቻችን ብቻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቁጥሩን የመዘገበ የቢሮ ባልደረባ አካውንቱን ያገኘዋል።

ይህ ቀላሉ ነው። የከበደን አዲስ አባል ማስገባቱ ነው። በአንድ ዋስ (አውቀዋለሁ፣ ይታመናል በሚል አንድ አባል) ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲሳሳት ሁሉም ይጋለጣል። ሁለት ዋስ ሲጠየቅ መምህራን ስለሚተዋወቁ ይገባሉ፤ የጽዳት፣ የጥበቃና የካፍቴሪያ ሠራተኞች ግን ደጅ ይቀራሉ፤ ይህ ያሳዝነናል። ለእነሱ በአንድ ዋስ ተቀብሎ፣ መጀመሪያ ከአንድ አባል ጋር ብቻ ማገናኘት ይሻላል? ለስንት ጊዜ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩን።