የወረዳ ምክር ቤት አባላት ለሥልጠና ሲጠሩ ለምን አይመጡም?

ጠያቂ፦ የጽሕፈት ቤት ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ። በአማራ ክልል በአንድ የገጠር ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ በባለሙያነት እሠራለሁ። በየዓመቱ ለምክር ቤት አባላት የአቅም ግንባታ ሥልጠና እናዘጋጃለን፤ ርእሶቹም የአባላት ተግባርና ኃላፊነት፣ የክትትልና ቁጥጥር ስልት፣ የቋሚ ኮሚቴ አሠራር የሚሉ ናቸው። ዘንድሮ በኅዳር ወር ለሦስት ቀን በጠራነው ሥልጠና ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ እንኳ አልተገኙም፤ ከመጡትም ጥቂቶቹ በመጀመሪያው ቀን ፈርመው ከሄዱ በኋላ አልተመለሱም። ደብዳቤው በየቀበሌው በጊዜ ደርሷል፣ ውሎ አበልም ተይዞላቸው ነበር።

አባላቱን ለመውቀስ አልፈልግም። አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ አርሶ አደሮች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው በመራዘሙ ብዙዎቹ ከአንድ የሥራ ዘመን በላይ ቆይተዋል፤ ሲጠየቁም ይህንኑ ሥልጠና ደጋግመው እንደሰሙት ይናገራሉ። መገኘትን ግዴታ የሚያደርግ ደንብ እናውጣ ወይስ አበሉን እንጨምር? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቀድሞ አፈ ጉባኤ

ወንድሜ፣ ኅዳር የሚለውን ሳነብ መልሱን ግማሽ ያገኘሁት መሰለኝ። ጤፉ ታጭዶ ያልተከመረለት ገበሬ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሐሳቡ ከአውድማው አይለይም። እኛም በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ ስህተት ሠርተናል። በኋላ ግን በአካባቢያችን ሞፈርና ቀንበር የማይነካባቸውን ቀኖች፣ ማለትም በወሩ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 27 መድኃኔ ዓለምን ተከትለን፣ ከቅዳሴ በኋላ የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት ጀመርን። ሙስሊም አባላት ባሉበት ወረዳ ዓርብን መተው እንደሚገባ መቼም አይጠፋዎትም። የሦስት ቀኑ ትምህርት በስድስት ወር ተበታትኖ ቢሰጥም የሚሰማው ሰው በዛ።

ስለ ግዴታው ልንገርዎት። የቀሩትን አባላት ስም በጉባኤ ላይ ማስነበብ ሞክረን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም መጡ፤ ነገር ግን የመጡት ለመፈረም ነበር፤ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። በግሌ አበሉ ቢሻሻል አልጠላም፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ ሰው ምሳና ማደሪያ ያስፈልገዋልና።

የበጀት ባለሙያ

ከቀድሞው አፈ ጉባኤ ጋር በቀኑ ጉዳይ ብስማማም፣ ዋናው ችግር ቀኑም አበሉም አይመስለኝም። ሰው የማይመጣው የሚማረው ነገር በሚቀጥለው ጉባኤ እጁን ሲያወጣ ስለማይጠቅመው ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም ወረዳዎች ጥቅል በጀት (ለዝርዝር ሥራ ያልተከፋፈለ ገንዘብ) ከክልሉ እየተቀበሉ ድልድሉን በራሳቸው ምክር ቤት ያጸድቃሉ። ሆኖም ከዚያ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ስለሚወስደው አባሉ በእርግጥ ሊሟገትበት የሚችለው የቀረው ሥራ ማስኬጃና ጥቂቱ የካፒታል (የግንባታና የቋሚ ዕቃ) በጀት ነው። ይህን የሚነግረው ግን የለም፤ በሐምሌ ጉባኤ በቁጥር የተሞላ ጥራዝ ይታደለውና በዚያው ቀን አጽድቅ ይባላል።

አንድ ጊዜ ጉባኤው ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው አባላቱን ሰብስቤ የራሳችንን ወረዳ ሰነድ ብቻ ይዤ ተቀመጥሁ። በሰነዱ እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት የሒሳብ መደብ የሚባል ቁጥር አለው፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት መሆኑን እያሳየሁ የአንዱን ጽሕፈት ቤት ገጽ አብረን አነበብን። ማንበብ የማይችሉ አንድ አዛውንት በጆሯቸው ብቻ ሲከታተሉ ቆይተው፣ የዚያ ጽሕፈት ቤት መኪና ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ቆሞ ሳለ ይህን ሁሉ ነዳጅ ማን እንደ ጠጣው ጠየቁ። ያን ጥያቄ በጉባኤውም ደገሙት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሥልጠና ስንጠራ ወንበር አነሰን። እርግጥ ነው፣ ሥልጠናው ከዓላማው ወጥቷል ብለው ያኮረፉኝ ኃላፊዎች ነበሩ፤ አፈ ጉባኤው ከኋላዎ ካልቆመ ይህን መንገድ አይጀምሩት።

አንዲት ተመራጭ

የተመራጭዋም ድምፅ ቢሰማ ብዬ ነው። እኔ ሁለት ሥልጠና የቀረሁት ንቄ ሳይሆን የሚጠባ ልጅ ይዤ በወረዳው ከተማ የማድርበት ስላልነበረኝ ነው። ሞግዚት ይዛችሁ ኑ የሚል አንድ መስመር በደብዳቤው ላይ ቢጻፍና ወጪዋ ቢታሰብ እመጣ ነበር። ሌላው የሚያርቀን ነገር አሠልጣኙ ተራ በተራ እያስነሣ ጽሑፍ ማስነበቡ ነው፤ በቀበሌዋ የተከበረች ሴት በሰው ፊት ፊደል ስትቆጥር ከምትታይ ብትቀር ትመርጣለች። ሥልጠናና ግምገማ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መድረክ መሪ ሲካሄዱም ስህተቴን ሊቆጥሩብኝ ነው ብሎ የሚሸሽ አለ።

እኔ እውነተኛ ትምህርት ያገኘሁት ከማኅበራዊ ቋሚ ኮሚቴ ጋር ጤና ጣቢያ በጎበኘን ጊዜ ነው። ሕዝቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ከፍሎ መድኃኒት ከግል መደብር ግዙ እየተባለ ያማርራል። ጤና ጣቢያው ከአገልግሎት የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ በቦርዱ ውሳኔ ለመድኃኒት መግዣ ሊያውለው እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት የነገረኝ አልነበረም። አምስት ሆነን፣ ቦታው ላይ ቆመን፣ የመጋዘኑን መደርደሪያ እያየን የተማርነውን አልረሳሁትም።

የጽሕፈት ቤት ባለሙያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእኅታችን ነገር በተለይ ነክቶኛል፤ የሞግዚቷን ጉዳይ ከሚቀጥለው ደብዳቤ ጀምሮ አስገባዋለሁ። ቀኑንም ለሰኔ 21 አስቤያለሁ። አንድ እንቅፋት ግን አለብኝ፦ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ረቂቅ በጀቱ በካቢኔ ሳይታይ ለአባላት አይሰጥም ይላል።

የበጀት ባለሙያ

ረቂቁን አይጠብቁ። የአምናውን የጸደቀ በጀትና የዘጠኝ ወሩን የአፈጻጸም ሪፖርት ይያዙ፤ ሁለቱም በምክር ቤቱ እጅ ያሉ ሰነዶች ስለሆኑ ማንም ሊከለክልዎት አይችልም። መደቦቹ ያው ናቸው፤ በእነሱ የተለማመደ አባል አዲሱን ጥራዝ በሐምሌ ሲቀበል የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት ያውቃል። ለመጀመሪያ ቀን ከአንድ ጽሕፈት ቤት በላይ ግን አይውሰዱ።