እናታችን አርፋለች፣ እህቴ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እናርዳት ወይስ እስክትወልድ እንደብቃት?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ስለረዘመ ይቅርታ። አሳጥሬ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናታችን ሚያዝያ 9 አረፈች። ስኳር ነበረባት፤ መጨረሻ ላይ ኩላሊቷ እምቢ አለ። ቀብሯም ሰልስቷም አልፏል። ታናሽ እህቴ ግን እስካሁን አልተረዳችም። የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ 7ኛ ወሯን ይዛለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች ተብሏል። ቤተሰቡ ድንኳኑ ሳይነሳ ተሰብስቦ «እስክትወልድ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል» ብሎ ወሰነ። የአጎቴ ሚስት «ድንገት ከሰማች ጽንሱ ይወርዳል» አለች። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ።

ከዚያ ወዲህ መዋሸቱ የእኔ ሥራ ሆነ። እሷ በየቀኑ ነው የምትደውለው። መጀመሪያ «ስልኳ ተበላሽቷል» አልኳት። ቀጥሎ «ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አልኳት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ድምጿ ተዘግቷል፣ ሐኪም አትናገሪ ብሏታል» አልኩ። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ በቪዲዮ እጇን እንኳን ታውለብልብልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት?

የእማዬ ስልክ እኔ ጋ ነው። ማክሰኞ ማታ ዋትስአፕ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ከፈትኩት። የሕፃኑ የልብ ምት ነው። ክትትል ሄዳ ቀድታ የላከችው። ፈረስ ሲጋልብ የሚሰማው ዓይነት ዱብ ዱብ ዱብ፣ ከኋላው የእሷ ሳቅ። ሳላስበው ሦስቴ ደጋግሜ ሰማሁት። ለካ መልእክቱ ሲደመጥ ምልክቱ ሰማያዊ ይሆናል። ወዲያው «እማዬ ሰማሽው? ሰማሽው አይደል?» ብላ ጻፈች። ስልኩን አጠፋሁት። እስካሁንም አልከፈትኩትም።

ኩሽና ውስጥ ደግሞ አጥሚቱ አለ። እማዬ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አጃውንና ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በላስቲክ ቋጥራ «ይሄ የሚጡ የአራስ ቤት ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብላ ያስቀመጠችው። 3 ኪሎ ይሆናል። እህቴ በደወለች ቁጥር «አጥሚቴን መቼ ነው የምትልኩልኝ?» ትላለች።

ባሏ ያውቃል። ማታ ማታ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይደውልልኛል። እንቅልፍ አጥታለች ይላል። ሌሊት ተነስታ የእማዬን ፎቶ ታያለች፤ ምግብም ቀንሳለች። አርባዋ ግንቦት 18 ነው። አንድ ዘመድ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶዋን ቢለጥፍ አለቀልን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሐዘን በእርግጥ ጽንስ ያስወርዳል ወይ? እናርዳት ካልንስ እንዴት አድርገን? ያለፈባችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሰባት ልጆች እናት

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የእናት ሞት ከባድ ነው።

እኔ ብሆን አልነግራትም። አራተኛዋን ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ወንድሜ ግንባር ላይ ወደቀ። 1977 ዓ.ም. ነበር። እናቴ ደበቀችኝ። እኔ በመጣሁ ቁጥር ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳ ትቀበለኝ ነበር። ከወለድኩ ከሁለት ወር በኋላ ተረዳሁ። አለቀስኩ፣ ምን አለቀስኩ! ግን ልጄ ክንዴ ላይ ነበረች። እሷን አቅፌ ነው ያለቀስኩት። እናቴን አንድ ቀን እንኳን ተቀይሜያት አላውቅም። የቀረው ሁለት ወር ተኩል ነው። ታገሱ እላለሁ።

የናታን እናት

እናታችን፣ ያሉት ከልብዎ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ግን የተደበቅኩት እኔው ነበርኩና የራሴን ልናገር።

አባቴ ደሴ ሲሞት እኔ አዲስ አበባ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ግን ሰው አያስታውቅም? ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። እናቴ ስልክ ላይ ድምጿ ይሰበራል፣ «ጉንፋን ነው» ትላለች። ባሌ ዓይን ዓይኔን ማየት ተወ። ታዲያ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? በዚያው ሰሞን አልትራሳውንድ ተነስቼ ነበር። ልጄ አንድ ነገር ተገኝቶበት፣ ሐኪሙ ለባሌ ነግሮት፣ እኔን የደበቁኝ መሰለኝ። አባቴ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

አራት ወር ሙሉ ይህን ይዤ ቆየሁ። የሕፃን ልብስ አልገዛሁም። ሲንቀሳቀስ ሆዴን መንካት ፈራሁ። ማንንም አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም መልሱን መስማት አልፈለግኩም። የወለድኩ ዕለት ወንድ ነው ሴት አላልኩም። «ምኑ ነው የጎደለው?» አልኩ። አዋላጇ ግራ ገብቷት «ምን ይጎድለዋል፣ ድንቡሽ ያለ ልጅ ነው» አለችኝ።

የተረዳሁት ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። የአባቴ አርባም ሰማንያም አምልጦኛል። ልጄ አሁን 6 ዓመቱ ነው። ዛሬም እናቴ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር እጄ ይንቀጠቀጣል።

እህትሽ ሌሊት ተነስታ የእናቷን ፎቶ የምታይ ከሆነ ሐዘኑ ገብቷታል። የቀረባት አብሯት የሚያለቅስ ሰው ብቻ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

ነፍስ ይማር እህቴ። 14 ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ስንት ባልና ስንት አማች በር ላይ አስቁሞ እንደጠየቀኝ አልቆጥረውም።

አንድ መጥፎ ወሬ ሰማች፣ አለቀሰች ተብሎ የ7 ወር ጽንስ አይወርድም። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። የእንግዴ ልጁ ግን ያንን ዝም ብሎ አያሳልፍም። አብዛኛውን ኮርቲሶል ኃይል የሚያሳጣ ኢንዛይም አለው። ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ በእርግዝናቸው ወቅት የቅርብ ሰው የሞተባቸውን እናቶች ከወሊድ መዝገብ እየለዩ አጥንተዋል። ያለ ቀን የመውለድ ዕድላቸው በጥቂቱ ከፍ ይላል። አብዛኞቹ ግን ቀናቸውን ጠብቀው ነው የወለዱት።

እኔን የሚያሳስበኝ ለሳምንታት የሚዘልቀው ጭንቀት ነው። እዚሁ አገራችን ቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን እስኪወልዱ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በእርግዝና ጊዜ በጣም የተጨነቁት እናቶች ምጣቸው የመራዘም፣ ጡት ማጥባትም የመዘግየት ነገር በብዛት ታይቶባቸዋል። የልጁ ክብደት ግን በዚያ ምክንያት ሲቀንስ አላገኙም። ስለዚህ ነገሩ እንደሚፈራው ሁሉ ልጁን የሚያጠፋ አይደለም፤ እንደ ቀላል የሚታለፍም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 15 ወይም 16 የሚሆኑት የአእምሮ ጤና መታወክ ያጋጥማቸዋል ይላል፤ በአብዛኛው ድብርት ነው። እህትሽ እንቅልፍ አጥታለች፣ ምግብ ቀንሳለች። ሳትነግሯትም እየተጎዳች ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አረዳዱ ልምጣ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ጉዳት የመጣው ከወሬው አይደለም፣ ከሥርዓታችን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሃያ ሰው በር ላይ ይቆማል። እሷ ከእንቅልፏ ተነስታ ገና ፊታቸውን ስታይ ትጮኻለች፣ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ደረቷን ትመታለች። ከዚያ ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ መዋል አለ። አንዲት እናት በሆዷ ወድቃ ደም እየፈሰሳት መጥታልን ነበር። የእንግዴ ልጁ ከቦታው ተላቅቆ ነበር። በቀዶ ሕክምና እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ያቺ ሌሊት ግን ከአእምሮዬ አትጠፋም።

ስለዚህ በቀን ይሁን። ቁርሷን በልታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ። ባሏና አንድ የምትወዳት ጓደኛዋ ይበቃሉ። ባሏ ከጎኗ ይቀመጥ፣ ትከሻዋን ይያዝ። ዙሪያ ጥምጥም አይሂድ፤ «ታማለች» ብሎ አይጀምር፣ ተስፋ ሰጥቶ መቀማት ነውና። «እማዬ አርፋለች» ይበል። ታልቅስ። «ለልጁ ስትይ አታልቅሺ» የሚላት ሰው ካለ ከክፍሉ ይውጣ። ይህ አባባል ያናድደኛል። ሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት ይጨምርባታል።

ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ትብላ፣ ትጠጣ። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመደችው ከቀነሰ፣ ደም ወይም የእንሽርት ውሃ ካየች፣ ቁርጠት ከተደጋገመባት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ብዥ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ሐዘን የጤና ነው፤ ቢቆይም ይቆይ። ግን ሁለት ሳምንት አልፎ መነሳት ካቃታት፣ ክትትል መሄድ ከተወች፣ ወይም «እኔም በሞትኩ» ካለች ያ ሕክምና የሚፈልግ ነው፤ «እኔም በሞትኩ» ካለች ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ፣ ሁለት ልጆች እዚህ ወልጃለሁ። ባሏ ከመንገሩ በፊት ለክትትል ክሊኒኳ ይደውልና ሁኔታውን ያስረዳ። በማግስቱ እንዲያዩአት ቀጠሮ ይያዝላት፤ የልጁን ልብ ስትሰማ ይቀልላታል።

ክትትል ላይ ስለ ስሜት የሚጠይቅ፣ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት ይሰጣሉ። ያለፉት 7 ቀናት እንዴት ነበሩ ይላል። እኔ በመጀመሪያው እርግዝናዬ እያለቀስኩ አድሬ ሁሉንም «ደህና» ብዬ ሞላሁት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለምደን የለ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ደህና ነኝ ይላል። እህትሽን እውነቱን እንድትሞላ ንገሪያት።

ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች ብቻ የተቋቋመ የአሜሪካ መንግሥት ነጻ ስልክም አለ፦ 1-833-852-6262። ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ማስጠራት ይቻላል።

እዚህ ያለው ሐበሻ ደግሞ መስማቱ አይቀርም፤ በአንድ ቀን ቤቱ ይሞላል። ፍቅር ነው፣ ግን ባሏ ሰውን በተራ በተራ ያስመጣ።

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

እናንተን ሳላመሰግን መቅረት አልቻልኩም። ከአጎቴ ጋር ተጨቃጭቄ በመጨረሻ እሺ አለ። የሰባት ልጆች እናት፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ አስተያየትዎን ለቤተሰቡ አንብቤላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ባሏ ነገራት። ፍርፍር ሠርቶላት፣ በልታ፣ ጓደኛዋም መጥታ። አዋላጇ እንዳለችው በአንድ ዐረፍተ ነገር። መጀመሪያ አላለቀሰችም። «መቼ?» አለች። «ሚያዝያ 9» አላት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። 31 ቀን። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ማታ ደወለችልኝ። ማን አጠባት፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ስሜን ጠርታ ነበር ወይ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «የልጄን ልብ የሰማሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ቀን አላነሳችልኝም። ባሏ ግን ተኝታ ማደሯን፣ ሰኞ ክሊኒክ ሄዳ ልጁ ደህና መባሉን ነገረኝ። ወረቀቱንም እውነቱን ሞልታ፣ በየሳምንቱ የምታናግራት ባለሙያ መድበውላታል። አርባውን እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ታስባለች።

ሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። ሰላምም አላለችኝ። «አጥሚቱን ላኪልኝ» አለች።

ሐሙስ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ቦሌ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። ላስቲኩ ቀዳዳ እንዳለው አየሁ። ከላዩ ሌላ ደረብኩበት እንጂ አልፈታሁትም። እማዬ እንደቋጠረችው ነው የሄደው።