ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ልዙር ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። እዚሁ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ወንድሜ ከሳዑዲ አይፎን 11 ላከልኝ። እስካሁን አንድሮይድ ነበር የምጠቀመው። አሁን ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው፣ መወሰን አቃተኝ።

ካሜራው በጣም ደስ ይላል። የነጠላ ጥለት ሳነሳ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። ቴሌግራምም አላስቸገረኝም፤ ቁጥሬን ሳስገባ ሁሉም መጣ።

የጨነቀኝ ዋትሳፑ ነው። የሐረርና የጅግጅጋ ደንበኞቼ የሚያዙኝ በድምፅ መልእክት ነው። ማን ስንት እንዳለበት የማውቀው ከዚያ ነው። ወደ አይፎን ማዛወር ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቻላል። ግን አይፎኑ አዲስ ሆኖ ገና ሲከፈት ነው፤ አለዚያ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደገና መጀመር አለበት። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ከፍቼ የልጄን ምርቃት ቀርጬበታለሁ።

አሮጌው ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል። ይሄ አንድ ካርድና አንድ ኢሲም (ካርድ የማይገባበት፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ነው፤ ሜሞሪ ካርድ ጭራሽ አይገባበትም።

ሙቀቱም ያሳስበኛል። አምራቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙ ይላል። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ!

እባካችሁ፣ የድምፅ መልእክት ሳይጎድልበት ያዛወረ ካለ ይንገረኝ። የምርቃቱን ቪዲዮስ መጀመሪያ በምን ላውጣው? ቴሌብር ያለበትን መስመር ኢሲም ባደርገው ይሻላል ወይስ ሌላኛውን? እዚህ ድሬ አይፎን ይዞ ከሰዓት በኋላ ገበያ የሚውል ሰውም ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። አሮጌውን የሚገዛኝ ሰው ቅዳሜ ይመጣል።