«እማዬ፣ እሷ እኮ ___ ናት»፦ ሥጋ የተወ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?

ቃል አሳሽ፦
ጥያቄው የተነሣው ለተከታታይ ድራማ ንግግር ሲዘጋጅ ነው። ባልየው ሥጋ ወዳድ ነው። ሚስትየዋ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ትታለች፤ እንቁላልና ቅቤ ግን ትበላለች። የተወችው ለእንስሳት አዝና እንጂ በሃይማኖት ምክንያት አይደለም። እራት ላይ ባልየው ለእናቱ «እማዬ፣ እሷ እኮ ___ ናት» ይላል። ረቂቁ «ጾመኛ» ብሎ ሞልቶታል፤ ጆሮ ግን አይቀበለውም። ቀጥሎ እናትየው በቁጣ «ጎመን በጤና!» ይላሉ። ይህስ ቦታው ነው?

የሰዋስው ልጅ፦
«ጾመኛ» አይሆንም። ጾም በአማርኛ የቀን ነገር ነው፤ ይገባል፣ ይያዛል፣ ይፈታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ነነዌ 3 ቀን፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አይጾሙም። «ጾመኛ ናት» ሲባሉ አማትየው መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ ነው የምትፈታው?» ብለው ነው። (ድራማው ኮሜዲ ከሆነ ይህን መስመር አትጣሉት።)

ቅቤና እንቁላሉ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በጾም ቀን ቅቤ የቀመሰ ሰው ገድፏል። ስለዚህ ሚስትየዋን ጾመኛ ካልናት በየቀኑ የምትገድፍ ጾመኛ አደረግናት ማለት ነው።

«ጾም» ረሃብንም እንደሚጎትት አትርሱ። «ጾሙን አደረ» የምንለው ራት ያጣውን ነው። «መሬቱ ጾም አደረ» ሲባል ሳይታረስ፣ ሳይዘራ ከረመ ማለት ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ «ጦም» ብለው ይጽፉታል። ሆዷ ሙሉ የሆነች ሴት ጾመኛ ስትባል ይህ ሁሉ አብሮ ይሰማል።

ቀልደኛው፦
«ቅጠል በል» በሏት፣ ተገላገሉ።

የሰዋስው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ቀልድም ቢሆን መልስ አለው። ሥጋ በል፣ ሣር በል የሚሉት የሳይንስ መማሪያ ቃላት የአውሬና የከብት ናቸው። አንበሳ ሥጋ በል ነው፤ ሰውን «ሥጋ በል» ካልከው ጥፍር አበቀልክለት። ባልየው ተናዶ ይህን ቢላት ያስኬዳል፤ ስድብነቱ ግን ይታወቅ።

ማጀት፦
የሰዋስው ልጅ ስለ ሰውየዋ ልክ ነው። ስለ ምግቡ ግን «የጾም» የሚለውን ቃል እንዳትጥሉት። «የጾም ኬክ»፣ «የጾም በርገር»፣ «የጾም ማኪያቶ» የሚል ሜኑ ላይ ቃሉ ከቀን መቁጠሪያው ወጥቷል፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው። ቪጋን የሚባለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኝም። ሽሮ ሲያዝም «የጾም ሽሮ» ማለት አለበት፤ በፍስክ ቀን ዝም ብሎ «ሽሮ» ካለ ቅቤ ገብቶበት ሊመጣ ይችላል፤ «ቦዘና ሽሮ» ካለ ደግሞ ሥጋ ያለበት ይመጣለታል።

አንድ ቀዳዳ አለው፤ ዓሣ። አንዳንዱ ቤት በጾም ወራት ዓሣ ያወጣል፣ ሌላው ነውር ነው ይላል። ዓሣ የተወች ሴት «የጾም አምጣልኝ» ብላ ዓሣ ጉላሽ ሊመጣላት ይችላል። «በየዓይነቱ፣ ዓሣ የሌለበት» ትበል።

ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ የረመዷን ጾም ከሥጋ ጋር ጠብ የለውም፤ ሾርባውም ሳምቡሳውም በሥጋ ይሠራል። ሆኖም ምግብ ቤት ገብቶ «የጾም አለ?» የሚል ሙስሊም የሚፈልገው ያንኑ በየዓይነቱን ነው። ስለዚህ «የጾም» እና «ጾም» ተለያይተው የሚኖሩ ቃላት ሆነዋል እላለሁ።

ግዕዝ ወዳድ፦
ሦስት ቃል ልጨምር።

ገደፈ፦ በግዕዝ ጣለ፣ ተወ ነው። የጽሑፍ «ግድፈት» የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ጸሐፊው ጥሎት ያለፈው ፊደል ወይም ቃል። ጾሙን የጣለና ፊደል የጣለ በአንድ ግስ ይከሰሳሉ።

ፍስክ፦ የፋሲካ ዘመድ ነው። የጾም ተቃራኒ ሥጋ አይደለም፤ ፍስክ ነው፤ መብላት የተፈቀደበት ቀንም፣ በዚያ ቀን የሚበላውም። ስለዚህ ባልየው ራሱን «እኔ ፍስክ ነኝ» ሊል አይችልም። «የፍስክ ድስት» ይኖራል፤ «የፍስክ ሰው» የለም።

ጥሉላት፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል በአንድ ላይ። ሥሩ ጠል የምንለው እርጥበት ነው፤ ጥሉል ማለት የራሰ፣ የረሰረሰ። ይህን ቃል ካህን ወይም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እንጂ እራት ላይ የተጣላ ባል አይለውም። ለትክክለኛነት ግን የሚተካከለው የለም፤ አንድ ቃል ሆኖ የቪጋንን ክልከላ ከሞላ ጎደል ይይዛል።

የትርጉም ባለሙያ፦
«አትክልት ተመጋቢ» እያሉ የሚጽፉ አሉ። ሁለት እክል አለበት። «ተመጋቢ» የቢሮ ቃል ነው፤ ማንም እናቱን «እማዬ፣ ሚስቴ ተመጋቢ ናት» አይልም። «አትክልት» ደግሞ በገበያ አማርኛ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ቲማቲም ነው፤ አትክልት ተራ ሄዶ ምስር የሚፈልግ የለም። ሥጋ የተወ አበሻ በዋነኛነት የሚበላው ምስር፣ ሽሮ፣ አተር ክክ ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ ጥራጥሬ ናቸው። ቃሉ ሰውየዋን ጥንቸል አደረጋት።

ከባሕር ማዶ፦
እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች በየዓይነቱ «ቬጂ ኮምቦ» ሆኗል፤ ልጆቹም «ቬጂ ነኝ» ይላሉ። «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ ብትተዉትስ? ዛሬ ያልሰማው ማን አለ?

የሰዋስው ልጅ፦
ልጅየው ለሚስቱ ጓደኛ ቢናገር እሺ። ለእናቱ ግን እንደ በሽታ ስም ይሰማል፤ «መቼ ጀመራት?» ይሉታል።

ሀሳቤን ልቋጭ፦ ክፍት ቦታው ራሱ ነው ስሕተቱ። «እሷ ___ ናት» ብለን ስም ስንፈልግ ነው የምንደናቀፈው። አማርኛ ይህን በግስ ይናገራል። «ሥጋ አትበላም»፣ «ሥጋ አትነካም»፣ «ሥጋ ትታለች»። ሦስቱም አንድ አይደሉም። «አትበላም» ሐቁን ብቻ ይናገራል፤ ሕመምም፣ አለመውደድም ሊሆን ይችላል። «አትነካም» ጠንከር ይላል፤ ቢላዋውን፣ ጭልፋውንም ይጨምራል። «ትታለች» ደግሞ ድሮ ትበላ እንደነበር ይነግራል፤ ለአማትየው ዋናው ዜና ይኸው ነው።

ግዕዝ ወዳድ፦
አራተኛ አለ፤ «ሥጋ እርም ብላለች»። እርም የግዕዙ ሕርም ነው፤ የተከለከለ፣ የተለየ። የመነኮሳቱ ሕርመትም ሆነ የዐረብኛው ሐራም ከዚያው ሥር ነው። «እርም አለ» ማለት በራስ ላይ ማለ፣ አይመለስበትም ማለት ነው። ነገር ግን «እርም ማውጣት» የሐዘን ቋንቋ ስለሆነ፣ እናት ፊት «እርም» ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። ባልየው ቃሉን የሚመርጠው ሊያስደነግጣቸው ከፈለገ ብቻ ነው።

ቃል አሳሽ፦
ግልጽ ነው፤ «እማዬ፣ እሷ እኮ ሥጋ ትታለች» ይሆናል። ረቂቁ ላይ ሚስትየዋ «ሁለት ጊዜ ምግብ ማብሰል ሰልችቶኛል» ትላለች። ይህስ?

ማጀት፦
ማጀት የምታውቅ ሴት «ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ» ነው የምትል። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ድስት የሚጣደው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ቁሌቱ አንድ ነው። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ያለ ዘይት ውኃው እስኪደርቅ 15 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ውኃ ጠብ እያደረጉ 20 ደቂቃ ማቁላላት ነው፤ ውኃው ከዘገየ በርበሬው ያርራል፣ ወጡም ይመራል። ከዚያ ቁሌቱ ይከፈላል። በአንደኛው ድስት አንድ ብርጭቆ የታጠበ ምስር ክክና ሦስት ብርጭቆ ፍል ውኃ፤ በሌላው ሩብ ኪሎ ሥጋ።

ጥፋቱ የሚመጣው ከማማሰያው ነው። ሥጋውን ያማሰለ ማማሰያ ምስሩ ውስጥ ሲገባ «ነካካሽው» ይባላል፤ የጠቡ ቃል ይህ ነው፣ ድራማው ውስጥ ይግባ። የቅቤው ጊዜም ይለያያል። ይህች ሴት ቅቤ ስለምትበላ ንጥሩ ቁሌቱ ሳይከፈል ቢገባም ችግር የለም። ጾመኛ ብትሆን ኖሮ ከተከፈለ በኋላ፣ ያውም በሥጋው ድስት ብቻ ነው የሚገባው። ድስቱ ሸክላ ከሆነ ደግሞ ራሱ ይለያል፤ ቅቤ የጠጣ ሸክላ ቢታጠብም እሳት ሲነካው ሽታውን ይመልሳል። «ድስቱ የፍስክ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

የትርጉም ባለሙያ፦
«ጎመን በጤና» ሳይመለስ ቀረ። አሁን አሁን የጤና ምክር የሚጽፉ ሰዎች «አትክልት ብሉ» ለማለት ይጠቀሙበታል። አባባሉ ግን ጎመንን አያሞግስም፤ እንዲያውም ጎመን የድሃ ምግብ መሆኑን ተቀብሎ ነው የሚነሣው። «ይሻላል» የሚለው ግስ ተውጧል፦ ጣጣ ካለበት ጮማ ይልቅ ጎመንም ቢሆን ከጤና ጋር ይሻላል። አደገኛ ንግድ ውስጥ ግባ የተባለ ሰው «ይቅርብኝ፣ ጎመን በጤና» ይላል። የማፈግፈግ ቃል ነው። ስለዚህ በተቆጡ እናት አፍ አይገባም፤ የተቆጣ ሰው አያፈገፍግም። ለሚስትየዋ ስጧት። ባልየው ሲጨቀጭቃት፣ ጎመኗን እየጠቀለለች «ተወው፣ ጎመን በጤና» ብትል ሁለቱም ትርጉም ይሠራል፦ የምትበላውም ጎመን ነው፣ ጭቅጭቁንም ትታለች።

ቃል አሳሽ፦
በጣም ጥሩ። አማትየው ታዲያ ምን ይመልሱ? እራቱ የእንቁጣጣሽ ነው።

የትርጉም ባለሙያ፦
እንቁጣጣሽ ከሆነማ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው ያለው፦ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» በክረምት የጎተራው እህል ሲያልቅ ቤቱን የሚያሻግረው የጓሮ ጎመን ነበር፤ መስከረም ሲጠባ የጎመኑ ሸክላ ይሸኛል፣ የገንፎው ይገባል። በምርቃት መልክ ጎመኗን ያባርሩባታል።

የሰዋስው ልጅ፦
ለአዘጋጁ አንድ ማስታወሻ፦ «ውጣ» የተባለው ምንቸቱ ነው፤ ምራትየዋ ብትሆን «ውጪ» ይሆን ነበር። ተዋናይዋ ስትናገር ድስቱን እንጂ ምራቷን እንዳታይ፤ ካየቻት ትዕይንቱ ሌላ ጠብ ሆነ።